ከባምላኩ ጃኬት የተቆረጠው

ሙሉዬ ጃኬቱን ከሳጥን ያወጣችው ነፋስ እንዲያገኘው ብላ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ቢቸና ላይ የከረመ ልብስ ሳይታይ ከቆየ ሻጋታ ይጫወትበታል። ሰማያዊውን የልጇን የባምላኩን ጃኬት በጓሮው ገመድ ላይ ዘርግታ እጅጌውን ልታቃና ስትል የጠዋት ፀሐይ በጀርባው በኩል አልፋ ዓይኗን ወጋቻት። ከአንገቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የእጅ መዳፍ የሚያህል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነበር። አይጥ በልታው እንዳትል፣ አይጥ እንዲህ ቀጥ አድርጋ አትበላም። በሳሙና ተሰምሮ፣ በመቀስ ተጠንቅቆ የተቆረጠ ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ ከቁልፎቹ አንዱ የለም፤ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ሌላ እናት ብትሆን ደህና ልብስ ተበላሸ ብላ ትቆጣ ነበር። ሙሉዬ ግን ለመቆጣት ጊዜ አላገኘችም። በዚህ ቤት ከልብስ ላይ አራት ማዕዘን የሚቆረጥበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፣ ቁልፍ የሚነቀልበትም ምክንያት ያው ነው፤ ይህንን ደግሞ እሷ ብቻ ሳትሆን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ባሏ ስማቸው ከሰሜኑ ጦርነት ሲመለስ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ፣ ከግራ እጁም ሦስቱን ጣቶች እዚያው ትቶ ነው የመጣው። ይዞ የመጣው ደግሞ አንድ ፌስታል ጨርቅ ነበር፤ አጠገቡ የወደቁት ጓደኞቹ ለብሰውት የነበረ። መጀመሪያ ሙሉዬ ልታጥበው ብትነሳ አላስነካትም። ከዚያ አንድ ቀን ከአናጢ ቤት አሮጌ ኮምፔንሳቶ አስመጣና ጓዳው ግድግዳ ላይ አስደግፎ በኮላ ይለጥፍበት ጀመር። ተራራውን ከማዳበሪያ ከረጢት ሠራው። ዓባይን ክኒን ከሚታሸግበት ብርማ ወረቀት አወጣው። ደመናውን ደግሞ ከገዛ ራጁ ቆርጦ ስለለጠፈው ሰማዩን ልብ ብሎ ያየ ሰው የስማቸውን የእግር አጥንት ያገኘዋል። ሰዎቹ ፊት የላቸውም። እያንዳንዱ ሰው ከገዛ ልብሱ የተቆረጠ አንድ ቁራጭ ጨርቅና ከዚያው ልብስ የተነቀለ አንድ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ጭንቅላቱ መሆኑ ነው። ከባሕር ዳር የመጡ ሰዎች አንድ ጊዜ ከበው አይተውት፣ ፎቶ አንስተውት፣ ኤግዚቢሽን ላይ እናቀርበዋለን ብለው ስልክ ቁጥር ተቀብለው ሄዱ፤ ይኸው እስካሁን እያቀረቡት ነው። የቢቸና ሰው ግን ማንም ሳይጠራው መጣ። ልጃቸው ሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ያልመጣላቸው እናቶች፣ የሚያለቅሱበት መቃብር ያጡ ሚስቶች፣ የሟቹን ሸሚዝ በነጠላቸው ሸፍነው ይመጡና ስማቸው አጠገብ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። እሱ ጨርቁን አይቆርጥም። መቀሱን የሚያነሳው የሟቹ ሰው ነው፤ እናቱ፣ አባቱ ወይም ሚስቱ። ስማቸው ጨርቁን በጥርሱ ወጥሮ ይይዝና በደህናው እጁ ኮላ ይቀባዋል። መርዶው ሳይነገር፣ ለቅሶው ሳይወጣ የማንንም ጨርቅ ለጥፎ አያውቅም። ደብዛው የጠፋ ሰው ልብስ ይዘው ሲመጡበት እንኳ፣ ገና ነው ይቆይ ብሎ ይመልሳቸዋል። የሕያው ሰው ጨርቅ እዚያ ላይ ማኖር ሟርት ነው ብሎ አምርሮ ይጠላል። ለዚህም ነው ቢቸና ላይ ማኅተም ካለበት ወረቀት ይልቅ የስማቸው ሰሌዳ የሚታመነው።

ሙሉዬ ወደ ጓዳው ገባች። ሰሌዳው እንደ ልማዱ በአንሶላ ተሸፍኗል። አንሶላውን በአንድ ጥግ ገለጥ አድርጋ ከላይ ወደ ታች አየች፤ ሰማያዊ አልነበረም። ወደ ወንዙ ዳር ስትወርድ አገኘችው። ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ብቻውን፣ ቁልፉን ይዞ ተለጥፏል። በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ ኮላው ገና አልደረቀም። አንሶላውን መልሳ በጥንቃቄ አለበሰችው፣ የተኛ ሰው የምታለብስ ይመስል።

ባምላኩ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ሞታ ከተማ ከሐጂ አብዱሰመድ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት ተቀጥሮ እየሠራ ነው። ከተቀጠረ ወዲህ በየጊዜው ሰው አግኝቶ ስኳርም ሳሙናም ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ኔትወርኩም መንገዱም አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ስለሆነ ዝም ማለቱን ሙሉዬ በዚያ ስታመካኝ ከርማለች። አሁን ማመካኛው ሁሉ ከእጇ ወደቀ።

ስማቸው ደጅ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ፊቱ ቆማ የልጁን ጃኬት ምን እንደነካው ጠየቀችው። ቀና አላለም። ለውኃው ጥላ ሰማያዊ ጨርቅ አጥቶ እንደሆነ፣ ሌላ እንደሚገዛለት ነገራት። የሃያ ዓመት ባልና ሚስት የሚተዋወቁት በወሬ ብቻ አይደለም። ስማቸው ሲዋሽ የተጎዳ እጁን ጉያው ውስጥ ይከታል፤ አሁንም ከቶታል። ከጎኑ የተቀመጠው ቁርስ አልተነካም። ሙሉዬ ደግማ መጠየቅ ፈለገች፣ አፏም ተከፍቶ ነበር፤ ግን እሱ እንዳይመልስላት ፈርታ ዘጋችው።

ይህን ጊዜ ጎረቤታቸው ይርጋነሽ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ሙሉዬ የተዋሰቻትን ወንፊት ልትመልስላት ወደ ቤት ልትገባ ስትል ይርጋነሽ ከለከለቻት፣ ግድ የለም ይቆይሽ አለቻት። ይህቺ ሴት እኮ ለዚያ ወንፊት ትናንት በስቲያ በር ድረስ መጥታ የተነጫነጨች ናት። ቀጥላም ቁርስ መቅመሷን ጠየቀቻት። አልቀመስኩም ብትላት ትኩስ ቂጣ አምጥታ፣ ቆማ አስበላቻት፤ ሙሉዬ እየበላች ሳለ ደግሞ ይርጋነሽ ዓይኗን ሰብራ መሬት መሬት ታያለች። ሙሉዬ የቀረውን ቂጣ አስቀመጠችው። የይርጋነሽ ወንድም የሞተ ጊዜ ለእሷ ለራሷ እንዲህ ያደረገችላት ሙሉዬ ነበረች። መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ ሰው ሁሉ አውቆ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ይውላል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ያን ዕለት ሙሉዬ ለይርጋነሽ እንጎቻ ጋግራ አብልታት፣ ስትስቅም አብራት ስቃ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይዞርባት አድራ፣ ሲነጋጋ ከሽማግሌዎቹ ጋር በሯን አንኳኩታለች። ያንን ቀን አሁን ከሌላኛው ወገን ሆና አየችው። ነገ ጎህ ሳይቀድ የሚንኳኳው የእሷ በር ነው።

እስከ ነገ አልጠብቅም አለች በልቧ። ለማንም ሳትናገር ነጠላዋን ደረበች፣ ጃኬቱን ጠቅልላ በፌስታል ያዘች፣ የጓሮውን በር በቀስታ ዘግታ ወደ መናኸሪያው ገሠገሠች። የልጄን ነገር ከሰው አፍ ሳይሆን ካለበት ቦታ እሰማለሁ ነበር የምትለው። ጨርሶም አላለቀሰችም። ያላየችውን ነገር ማልቀስ ሞቱን እሺ ማለት መሰላት።

መናኸሪያው ጭር ብሏል። ድሮ ረዳቶች ለሞታ ሰው በክንድ እየጎተቱ የሚጭኑበት ቦታ ላይ አሁን አንዲት ሚኒባስ ብቻ ቆማ ሰው እስኪሞላላት ትጠብቃለች። ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ረዳቱ ገና ሳይጠየቅ ነዳጅ በጥቁር ገበያ ነው የምንቀዳው እያለ ይምላል። ከጎኗ የተቀመጠው የእህል ነጋዴው ስጦታው ነበር፤ አንድ ሰው ሻይ ሲጋብዝ አይታው የማታውቅ፣ ከተማው በቁጥቁጥነቱ የሚቀልድበት ሰው። ረዳቱ ሂሳብ ሲል ስጦታው ቀድሞ የእሷንም ከፈለ። ሙሉዬ ብሯን ዘርግታ ብትለምነው እጇን መልሶ አጠፈላትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በሌላ ቀን ቢሆን ለወራት የሚወራ ቀልድ ይወጣው ነበር። ዛሬ ግን ሙሉዬን የስጦታው ደግነት ከምንም በላይ አስፈራት፤ እሱም ያውቃል ማለት ነው።

መንገዱ ላይ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ሁሉም ወርደው መታወቂያ አሳይተው በእግር አልፈው እንደገና ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲያ ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና ታየ። የደረሰው ገብስ አጫጅ ይጠብቃል፤ ማሳው ላይ ግን ሰው የለም። ከኋላ ወንበር ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ የፀጉር አስተካካዩን የገብረ ሕይወትን ነገር አነሱ። ልጁ ጫካ ገባ ተብሎ፣ አባትየው ደንበኛ እየላጨ ሳለ ሰዎች መጥተው ወስደውት፣ የደንበኛው ፀጉር ግማሹ ሳይቆረጥ ቀርቶ ሰውየው በኮፍያ ሸፍኖ ቤቱ እንደገባ አወሩ። ሊስቁ ብለው ነበር፤ ሳቁ አልመጣላቸውም። ገብረ ሕይወት እስካሁን አልተመለሰም፣ የት እንዳለም የሚነግር አልተገኘም። ሴቶቹ የፊቱ ወንበር ላይ ሙሉዬ መኖሯን ያን ጊዜ አስተዋሉ መሰለ፣ ድምፃቸው እንደ ውኃ ቧንቧ ተቆረጠ።

ሞታ የገበያ ቀን ሆኖ ገበያው ግን ግማሽ ነው። ሱቆቹ አንዱን የቆርቆሮ መዝጊያ ከፍተው ሌላውን እንደዘጉ ይሸጣሉ፤ የሚገዛውም ሰው አንድ ዓይኑን መንገድ ላይ አድርጎ ነው የሚከራከረው። ሙሉዬ የሐጂ አብዱሰመድን ሱቅ ከሩቁ ስታየው በረንዳው ላይ የልጇን ጀርባ ፈለገች። ሁልጊዜ ጎበጥ ብሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ነው የምታገኘው። ዛሬ የስፌት መኪናው ብቻ አለ። በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ወንበሩም ተገልብጦ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

ሐጂ አብዱሰመድ ሲያዩዋት ከመደርደሪያቸው ጀርባ ተነሱ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለሴት ልጅ ብለው እንዲህ ፈጥነው ተነስተው አያውቁም። ባለቤታቸውን ኸይራትን ጠሩና መዝጊያውን ዝቅ አድርገው ሦስቱም ወደ ውስጥ ገቡ። ክፍሉ በጣቃ ጨርቅ የታጨቀ፣ አዲስ ልብስ አዲስ ልብስ የሚሸት ነው። ኸይራት እጇን አስታጥባ ሳምቡሳና ሻይ አቀረበችላት። ሙሉዬ ምግቡን ስታይ ትዕግሥቷ አለቀ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አብሉኝ ያላልኩት ሰው ሁሉ ያበላኛል፤ ልጄ ሞቷል ወይ፣ ንገሩኝ አለቻቸው። ሐጂና ኸይራት ተያዩ።

«ወላሂ ልጅሽ አልሞተም» አሉ ሐጂ። «ደህና ነው። ደህና ነበር ማለቴ ነው፣ ከዚህ ሲወጣ።»

ኸይራት ቀስ እያለች የሆነውን ነገረቻት። ባምላኩ እዚህ ከሌለ ሰንብቷል። አንድ ምሽት የደንበኞቹን ልብስ ሁሉ ጨርሶ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ፣ መኪናውን ዘይት ቀብቶ፣ ሐጂ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። እኩዮቹ ሁሉ ወደ ጫካ ወጥተዋል፤ እሱም ሊወጣ ነው። ሐጂ ቢለምኑት፣ እሷም ብታለቅስበት ልቡ አልተመለሰም። የመጨረሻ ልመናው አባቱን እንዲያገናኙት ነበር። ያን ዕለት መስመር ለጥቂት ሰዓት ተለቆ ስለነበር በሐጂ ስልክ ደወሉለት። የሐጂ ስልክ የጆሮው ተበላሽቶ በድምፅ ማጉያው ብቻ ስለሚያወራ አባትና ልጅ የተባባሉትን ሁሉም ሰሙት። ስማቸው መጀመሪያ ጮኸ። እኔ ሄጄ ምን ይዤ እንደመጣሁ በየቀኑ እያየህ አደግህ አይደለም ወይ አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተቆጣ ሰው በማይመስል ድምፅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞተሃል፣ ትንሽ ሰንብቼ ተባራሪ ጥይት አገኘው ብዬ አስለቅስሃለሁ አለው። የጠፋ ልጅ አባት ይጠየቃል፣ የሞተ ልጅ አባት ግን አይጠየቅም፤ አንተንም የሚፈልግህ አይኖርም፤ ወደ ቤት አትደውል፣ ሰውም አትላክ አለው። ሰሌዳው ላይ ካኖርኩህ ቢቸና ላይ የሚጠራጠር የለም ማለቱንም ሰምተዋል።

ሙሉዬ እስትንፋሷ ተመለሰ፤ ለአፍታ ደስታ መሰላት። ልጇ አልሞተም። ጃኬቱ የተቆረጠው ለሕያው ነው። ከዚያ ደስታው ሳይሞቅ ሌላ ነገር ቀዘቀዘባት።

«እኔስ?» አለች። «ስለ እኔ ምንም አላሉም?»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። ኸይራት ናት አንገቷን ደፍታ የመለሰችላት። «እማዬስ? አለው ልጁ። አባቱ፣ እናትህ ማስመሰል አይሆንላትም፣ የእውነት ታልቅስ አለ።»

ሙሉዬ ሻዩን አንስታ ጠጣች። ለምን እንደጠጣችው አታውቅም፤ ምናልባት እጇ የሚሠራው ነገር ስለፈለገ ነው። ሃያ ዓመት አብራው ኖራ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተኝታ አስታማው፣ ቁስሉን አጥባ፣ ሌሊት ሲባንን ደረቷ ላይ አስተኝታው፣ ይኸ ሰው ለልጇ ሞት እንደ በግ ሊያሳርዳት ተስማማ። የሚያስቆጣት እሱ ብቻ አልነበረም፤ ልጁም እሺ ብሎ ሄዷል። ቀጥላ ከሄደ ወዲህ ምን እንደተሰማ ጠየቀች። ሐጂ የሚያውቁትን ነገሯት፤ የሚያውቁትም ብዙ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ከከተማው ባሻገር ባለው ጋራ ላይ ጠዋት የጀመረ ተኩስ ሳያባራ ውሎ አድሮ ውሏል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ወደዚያ ሄዶ የተመለሰም የለም። ሱቁም ድረስ ሰዎች መጥተው እዚህ ይሰፋ የነበረው ልጅ የት ነው ብለው ጠይቀዋቸው አገሩ ገባ ብለዋቸዋል። ይህን ሲናገሩ ሐጂ ደጋግመው ወደ መዝጊያው አዩ፤ እሳቸውም ለራሳቸው ፈርተዋል፤ ሙሉዬም እዚህ ብዙ መቆየት እንደሌለባት ተረዳች። ኸይራት በጓሮ በኩል እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ስትሰናበታትም አቅፋ ቶሎ አልለቀቀቻትም።

የመጨረሻዋ ሚኒባስ ላይ ደረሰች። መንገዱን ሁሉ በልቧ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች። ሰው ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ ልጄ ሕያው ነው፤ ሕያው ልጄን ሰሌዳ ላይ የለጠፈው ይህ ሰው ነው ትላለች። ጃኬቱንም ፊቱ ላይ ትወረውርበታለች። ለሕያው ልጅ ዋይ ማለት ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ እሷ አትጠራም። ግንደ ወይን ላይ መኪናዋ ቆማ ስትፈተሽም፣ ደብረ ወርቅን ሲያልፉም ይኸው ሐሳብ ነበር የሚያሞቃት። የቢቸና ቤቶች ጣራ ሲታያት ግን ያ ጋራ ትዝ አላት። ውሎ ያደረ ተኩስ። ልጇ መርፌ እንጂ ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። ሕያው ነው እያለች የምትፎክረው ምን አውቃ ነው? ሐጂም ያሏት ደህና ነበር ነው።

ከመናኸሪያው ወደ ሰፈሯ ስትገባ ድንኳኑን ከሩቅ አየችው። የእድሩ ድንኳን ነው፣ በራፏ ላይ ተተክሏል። ለካ ጠዋት ወደ ሞታ መሄዷ ሲሰማ፣ ሰምታው ነው የሄደችው፣ መቃብሩ ላይ ልታለቅስ ነው ተብሎ ነገሩ ወጥቷል። ነገ ጎህ ሳይቀድ ሊያረዷት የተማከሩት ሽማግሌዎች፣ ከደበቁት ይልቅ የታወቀውን እናስተናግድ ብለው የእድሩ ዳኛ ኃይለ ሚካኤል ጥሩምባ አስነፍቷል። አግዳሚ ወንበሮቹ በሰው ሞልተዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለሌላ ሟች ፎቶ በሚቀመጥበት ቦታ የስማቸው ሰሌዳ አንሶላው ተገፎ ቆሟል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ዓባይ ላይ ያርፍና ክኒን የታሸገበት ወረቀት ያበራል። ይርጋነሽ መጀመሪያ አየቻትና እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ወደ እሷ መጣች። የሴቶቹ ድምፅ ከኋላዋ ተነሳ።

ሙሉዬ ያዘጋጀችውን ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች። ያኔ ነው ከድንኳኑ ጥግ፣ በወንዶቹ ወገን፣ ሁለት የማታውቃቸውን ሰዎች ያየችው። ባርኔጣ አድርገው ጋቢ ደርበዋል፤ የአንዱ ጋቢ በጎኑ በኩል በማይገባ ቦታ ተነስቷል። አያለቅሱም፣ ከማንም ጋርም አያወሩም። የሚያዩት ሰሌዳውን አልነበረም። የሚያዩት እሷን ነው፤ ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ፣ የእናት ፊት ምን እንደሚያሳይ ሊያነቡ። ገብረ ሕይወት ደንበኛ እየላጨ ሳለ የተወሰደው ትዝ አላት። ከእሷ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ነው የቀረው። ሕያው ነው ካለች ስማቸውን ዛሬ ከነክራንቹ ይወስዱታል፤ ከዚያም ባምላኩን ይፈልጉታል። ካለቀሰች ደግሞ ልጇን በገዛ አፏ ትቀብረዋለች።

ስማቸው ክራንቹን ተደግፎ ከወንበሩ ተነሳ። ዛሬ ከሞታ መምጣቷን ያውቃል፤ ምን ሰምታ እንደመጣችም ገምቷል። ፊቱ አመድ ለብሷል። ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተክሎ፣ በሰው ሁሉ መካከል፣ አደራሽን ይላታል። ሙሉዬ በዚያች ቅጽበት ጠላችው፤ ደግሞም አዘነችለት። ለማስመሰል ብላ አፏን ከፈተች።

የወጣው ግን የማስመሰል ድምፅ አልነበረም። ከጠዋት ጀምራ እሺ አልልም ብላ የያዘችው ሁሉ፣ በጨርቅ የተሸፈነው የስፌት መኪና፣ የተገለበጠው ወንበር፣ ያ ጋራ፣ ውሎ ያደረው ተኩስ፣ አንድ ላይ ተናደው መጡ። «ልጄ፣ ባምላኩ፣ የት ወድቀህ ነው?» አለች። ይህንን ጥያቄ ለማስመሰል መጠየቅ አይቻልም። ደረቷን መታች፣ መሬቱ ላይ ወደቀች፣ አፈር ነሰነሰች። ሴቶቹ ተረባርበው ሊያነሷት ቢሞክሩ አቃታቸው። ኃይለ ሚካኤል ራሱ፣ ስንት ለቅሶ ያስተናገደ ሰው፣ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

ስማቸው መጀመሪያ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ተሳካ እንደሚል ሰው ትከሻው ወረደ። ከዚያ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት። ይህ ሰው ስንት እናት አጠገቡ ተቀምጣ መቀስ እያነሳች ስታለቅስ የሰማ ነው። የእውነቱን ለቅሶ ከሌላው ይለየዋል። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ክራንቹን እየጎተተ በሴቶቹ መካከል አልፎ አጠገቧ ደረሰና፣ እንደሚያጽናናት ሆኖ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮዋ ላይ ጠየቃት።

«ሙሉ፣ ሞታ ላይ ምን ሰማሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ተበልጥጠዋል። ሞታ ላይ የሰማሁት የለም ብትለው ይበቃው ነበር።

«መርዶውን ያመጣኸው አንተ አይደለህ?» አለችው። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ስማቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። ክራንቹ ከብብቱ ሾልኮ ወደቀ፤ እሱም ተከትሎት ወደቀ፤ ጉማጁ እግሩ አቧራው ላይ ተዘረጋ። እግሩን ሲያጣ ያላለቀሰ ሰው፣ ጓደኞቹን አንድ በአንድ በጥርሱ ወጥሮ ሲለጥፍ ያላለቀሰ ሰው፣ የልጁን ስም እየጠራ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባት እንዲህ ሲያለቅስ ቢቸና አይቶ አያውቅም። ወንዶቹ ሊያነሱት ተረባረቡ። በጥጉ ያሉት ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና ተነሱ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለው፣ ቀስ ብለው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ሙሉዬ እስኪሰወሩ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

አሁን ልትነግረው ትችል ነበር። ሰዎቹ ሄደዋል፤ ጎንበስ ብላ፣ ልጅህ ሕያው ይሁን ሙት የሚያውቅ የለም ብትለው ማንም አይሰማትም። ግን የሚያውቅ የለም ማለት ከመርዶው የሚሻል ነገር መሆኑን እሷ ራሷ እርግጠኛ አልነበረችም። ይርጋነሽና ሌላ አንዲት ሴት በሁለቱ ክንዶቿ ይዘው አነሷት፤ ውኃ አምጡላት እያሉም ወደ ቤት አስገቧት።